ክትባትና የወላጅ ፈቃድ፤ ከፈንጣጣ ዘመን እስከ ዛሬ በባሌ ምድር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ከብዙ የሕክምና መጻሕፍት ይልቅ አጭር፥ ከብዙዎቹም ይልቅ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ምሳሌውን ሁላችንም በአፋችን ብንይዘውም፥ ገና ያልታመመን ልጅ ይዞ ወደ መርፌ መሄድ ለወላጅ ቀላል ሥራ ኾኖ አያውቅም። የታመመ ልጅ ያለው ሰው መድኀኒት ፍለጋ ሌሊቱን ይጓዛል፤ የሚያስገድደውም የለም፤ የልጁ ትኩሳት ራሱ ይነዳዋልና። ጤነኛ ልጁን አቅፎ የሚመጣው ግን የሚነዳው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እምነት ነው። ገና ያላየውን በሽታ ከሩቅ አይቶ፥ የማያውቀውን ሰው ቃል አምኖ፥ የልጁን ክንድ ይሰጣል። ስለዚህ የክትባት ታሪክ የመድኀኒት ታሪክ ብቻ ሳይኾን የወላጅ ፈቃድ ታሪክም ጭምር ነው ብንል አልተሳሳትንም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደውም ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ክትባት» የሚለው ቃል «ከተበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲኾን፥ ትርጉሙ ጻፈ ማለት ነው። ሥሩም የዐረቦች «ኪታብ» ከሚወጣበት ሥር ጋር አንድ ነው። በልጅ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን «ክታብ» የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የፈረንጆቹ «ቫክሲን» የተባለው ቃል ግን ከላቲኑ «ቫካ» የመጣ ነው፤ ላም ማለት ነው። እነርሱ መድኀኒቱን በተገኘበት እንስሳ ስም ሲጠሩት፥ እኛ በክንድ ላይ በሚተወው ምልክት ጠራነው። እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን ለክታብ ስትሰጥም፥ ለክትባት ስትሰጥም፥ በቋንቋችን ዘንድ ሥራው አንድ ዐይነት ነው፤ ልጇን ከክፉ ነገር የሚጠብቅ ነገር በሰውነቱ ላይ እንዲጻፍለት ትለምናለች። አንዲቱ እናት ሁለቱንም ስታደርግ ብናገኛት ልናፌዝባት አይገባንም፤ የተነሣችበት አሳብ አንድ ነውና።

በአገራችን የፈንጣጣ ክትባት ከዘመናዊው ሕክምና በፊት የታወቀ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል ጥቂት መግል ተወስዶ የጤነኛው ልጅ ክንድ በስለት ይጫርና በጭረቱ ላይ ይደረጋል። ልጁም ጥቂት ቀን ታሞ ሲድን ዳግመኛ በፈንጣጣ አይያዝም። ይህ ጥበብ በሰሜኑ ክፍል ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ቆይቶ፥ በጎጃም እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ አልጠፋም ነበር። ዳሩ ግን ጉዳት ነበረበት። ልጁ የያዘው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ኾነ አንዳንዱ ይሞታል፤ የሚድነውም እስኪድን ድረስ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ስለዚህ በአንዱ ቤት መድኀኒት የኾነው ነገር በሌላው ቤት ወረርሽኝ ይኾን ነበር።

የወላጅ ጭንቀት ቤተ መንግሥትም ሲገባ እናገኘዋለን። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ጎንደር በደረሰ ጊዜ፥ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የመሳፍንቱን ልጆች ይዞ ነበር። እቴጌይቱና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር የማያውቁትን እንግዳ አስጠርተው ሕፃናቱን እንዲጠብቅ አደረጉት። እርሱም መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን አሳጥኖና አሳጥቦ አስታመማቸው፤ የወይዘሮ አስቴርም ልጅ ዳነ። የዚያን ጊዜዋ እመቤትና የዛሬይቱ የገበሬ ሚስት በሀብት ምንኛ ይራራቃሉ! በልጃቸው አልጋ አጠገብ ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ሰው ልመነውን?»

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1721 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ፥ ጭሮ የመከተቡን ጥበብ ለከተማው ቄስ ከዚያ በፊት ነግሮት የነበረው ኦኔሲመስ የተባለ ከአፍሪካ የተወሰደ ባሪያ ነው፤ በአገሩ ሳለ ተከትቦ ነበርና። በዚያው ዓመት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ የተባለች እንግሊዛዊት ወይዘሮ፥ በቁስጥንጥንያ አይታ በወንድ ልጇ የሞከረችውን ጥበብ በለንደን በሴት ልጇ ላይ ደገመችው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግን በ1736 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጁ ሳይከተብ ቆይቶ በፈንጣጣ ሞተበት። ይህ ታላቅ ሰው በእርጅናው ዘመን የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ፥ ልጁን ባለማስከተቡ እድሜውን ሙሉ እንደ ተጸጸተ ለወላጆች ተናዝዟል። ምክሩም የሚደነቅ ነው፤ ልጁ ተከትቦ ቢሞትም፥ ሳይከተብ ቢሞትም ጸጸቱ እኩል ከኾነ፥ አደጋው የሚያንሰውን መንገድ መምረጥ ይሻላል ይላል። በዚያ ዘመን በጭረት ከተከተቡት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ይሞቱ ነበር፤ በድንገት ከተያዙት ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30 ያልቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1796 ዓ.ም. ኤድዋርድ ጄነር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ከላም ፈንጣጣ የተወሰደው ከትልቁ ፈንጣጣ እንደሚያድን በአትክልተኛው ልጅ በስምንት ዓመቱ በጀምስ ፊፕስ ላይ አሳየ። የላሙ በሽታ ገዳይ ስላልኾነ የቀድሞው አደጋ ተወገደ። ይሁን እንጂ የመድኀኒቱ መሻሻል ብቻውን ወላጅን አላሳመነም። እንግሊዝ በ1853 ዓ.ም. የሕፃናትን ክትባት በሕግ ግዴታ አደረገች፤ እምቢ ያለውም ወላጅ መቀጫ እንዲከፍል ታዘዘ። ውጤቱ ግን ቍጣ ኾነ። በ1885 ዓ.ም. በሌስተር ከተማ አያሌ ሺህ ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ ተቃወመ፤ በ1898 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ኅሊናው ያልፈቀደለት ወላጅ ልጁን እንዳያስከትብ ተፈቀደለት። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ የምንማረው አለ፤ ይኸውም መቀጫ ክንድን ሊያስዘረጋ ቢችልም ልብን ግን አያስከፍትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በጥር 1963 ዓ.ም. ደግሞ ፈንጣጣን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ተጀመረ። በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት የተመዘገበው በሽተኛ ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን ጉዞና ከዚያም በላይ ርቆ ይኖር ስለ ነበር፥ ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። የያዙትም መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ ጫፉ ሁለት የኾነ ትንሽ መርፌና በሙቀት ቶሎ የማይበላሽ የደረቀ መድኀኒት። መርፌው ክንድን 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ካደረገ ሥራው አለቀ። በእጃቸውም ፈንጣጣ የያዘውን ሕፃን ፎቶግራፍ የሚያሳይ ካርድ ይዘው፥ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋልን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በሽተኛ በተገኘበትም ስፍራ ዙሪያውን ያለውን ሰው ሁሉ በመከተብ የበሽታውን መንገድ ይዘጋሉ።

ብዙዎች ግን እምቢ አሉ። ዛሬ ላይ ቆመን «ድንቍርና ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ነገሩን ላጤነው ሰው ግን ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው፥ በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ቀላሉ ዐይነት ነበር፤ ከተያዙት ከመቶ የሚሞተው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ በመንደራቸው የሚያውቁት ከታቢ ስለ ነበረ፥ የሩቁን እንግዳ የሚፈልጉበት ነገር አልነበረም። ሦስተኛውና ዋናው ግን መንግሥት እስከዚያ ድረስ ወደ እነርሱ የመጣው በምን መልክ እንደ ኾነ ማስታወስ ነው። በጎጃም ገበሬው በግብር ምክንያት የተነሣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በባሌም በ1955 ዓ.ም. የተነሣው ዐመፅ የበረደው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከታቢው የመጣው በማግሥቱ ነው ማለት ይቻላል። ከርስቱና ከግብሩ ነገር የተነሣ ደብተር የያዘ ሰው ሲያይ የሚደነግጥ አባወራ፥ ዛሬ ደግሞ መርፌ ይዞ ሲመጣ የልጁን ክንድ በደስታ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይህ አለመተማመን የተሸነፈው በትእዛዝ አልነበረም። አስቀድሞ የአገር ሽማግሌውን፥ ቄሱን፥ ሼኩን ማነጋገር፤ እምቢ ያለውን ትቶ በሌላ ቀን ተመልሶ መምጣት፤ በመንደሩ ማደር፤ ከሁሉ በላይ «እመለሳለሁ» ያሉትን ቀን አለማጠፍ ነው። በሽታውም ከደጋው እየራቀ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ በዘላኖቹ ቆላ ተወሰነ። የኢትዮጵያም የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በዚያን ጊዜ በባሌ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረው በኤልከሬ አውራጃ፥ ዲሞ በተባለች መንደር፥ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። ቦታው ዛሬ በሶማሌ ክልል ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ባሌ ስትነሣ የተራራዋን ቀበሮና የሐረናን ደን ብቻ ማስታወስ አይበቃም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ልጆቻችንን ያጠፋና ዐይናቸውን ያጨለመ ደዌ በአገራችን የመጨረሻ እስትንፋሱን የሰጠው በዚህችው በቀድሞዋ ባሌ ነው።

በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው፤ ቀኑም ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። ይህ ሰው የሆስፒታል ሠራተኛ ሳለ፥ መርፌው ያመኛል ብሎ ከመከተብ ሸሽቶ ነበር። ከዳነ በኋላ ግን እድሜውን ሙሉ ወላጆችን ሲያስተምር ኖረ፤ «እኔን አትምሰሉ» እያለ ስለ ልጅነት ልምሻ ክትባት በየመንደሩ ሲሰብክ፥ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ዐረፈ። የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነጻ መኾኑ በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ተረጋገጠ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ተቋቋመ። የታሰቡትም በሽታዎች ስድስት ነበሩ፤ እነርሱም ሳንባ ነቀርሳ፥ ዘጊ አነዳ፥ ትክትክ፥ መንጋጋ ቆልፍ፥ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጉበት በሽታን፥ የሳንባ ምችንና ብርቱ ተቅማጥን የሚከላከሉ ተጨምረዋል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ፥ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፥ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይከተባል። በየጊዜው በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት እንደ ታየው፥ ከ12 እስከ 23 ወር ከኾናቸው ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባታቸውን የጨረሱት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 14፥ በ1997 ዓ.ም. 20፥ በ2003 ዓ.ም. 24፥ በ2008 ዓ.ም. 39፥ በ2011 ዓ.ም. 43 ነበሩ። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው፤ ኾኖም በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት አልጨረሱም ነበር። ኩፍኝ ደግሞ አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ያልተከተቡ ሰዎችን ሊያስይዝ ስለሚችል፥ ለመግታት ከመቶ 95ቱ መከተብ አለባቸው።

ለምን አልጨረሱም? የዚህን መልስ በከፊል ያገኘነው በሥራ ምክንያት ወደ አንገቱ በወረድን ጊዜ ነው። ከጎባ የተነሣ ሰው የሳነቴን አምባ ይወጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ፥ በቀትር እንኳ ካፖርት የሚያስለብስ ስፍራ ነው። ከዚያ በሪራ በኩል ቍልቍል ወደ ሐረና ደን ሲገባ፥ ብርዱ ቀርቶ ሙቀትና ጭጋግ፥ የጫካ ቡናና በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ይቀበሉታል። ክትባቱም በዚህ ዐይነት መንገድ ነው የሚጓዘው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ይገባዋል፤ የኩፍኙና የልምሻው ጠብታ ቢሞቅ ይበላሻል፤ የትክትኩና የመንጋጋ ቆልፉ ደግሞ በረዶ ቢኾን ይበላሻል። በአንድ ቀን ውስጥ ውርጩንና ቆላውን የሚያልፍ የበረዶ ሣጥን የሚጠብቀው ሰው ምን ያህል ትጋት እንደሚያሻው አንባቢ ይገምት።

በገበያው ቀን ከአንዲት እናት ጋር ተጨዋወትን። ሕፃን አዝላ፥ በእጇ ሌላ ልጅ ይዛለች። ከእርስዋም ጋር የባልዋ አባት የኾኑ ሽማግሌ ነበሩ። የታላቁን ልጅ ክትባት አስጨርሳ እንደ ኾነ ጠየቅናት።

«ሁለቱን አስከትቤዋለሁ» አለች። «ለኩፍኙ ግን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ልጆች አልሞሉም፤ ለአንድ ልጅ ጠርሙስ አይከፈትም፤ በሌላ ቀን ነይ አሉኝ። ከቤቴ እስከዚያ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ቡና ለቀማ ደረሰ፤ ቀረሁ።»

የመለሳትን ጤና ጣቢያ ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ አይደለምና። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ የሚበቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል። ሠራተኛዋ ዘጠኙን ላለመጣል ብላ አንዱን መለሰች። በሒሳብ ብንመለከተው ቍጠባ ይመስላል። ነገር ግን ያቺ እናት የከፈለችው ስድስት ሰዓት የደርሶ መልስ መንገድ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? እምቢ ያለችስ ማን ናት? በጥናቱ ወረቀት ላይ «ልጅዋን ያላስጨረሰች» ተብላ የምትቈጠረው እርስዋ ናት፤ በእውነቱ ግን ሁለት ጊዜ እሺ ብላ መጥታ ነበር።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ የግራ ክንዳቸውን ገልጠው ክብ ጠባሳ አሳዩን። «ይኽን ያደረጉብኝ ጎረምሳ ሳለሁ ነው» አሉ። «አባቴ በመጀመሪያ ጫካ ደበቀን። ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ደግሞም ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ‹ይህን ያህል የለፋ ሰው ክፉ አያመጣም› ብሎ አወጣን።» ከዚያም ወደ ምራታቸው ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ አንቺም ሦስተኛውን ሂጂ፤ እኔ በቅሎውን እስባለሁ» አሏት። እርስዋም፥ «ከመለሱኝስ፥ አባቴ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ሽማግሌው መልስ አልነበራቸውም። እኛም አፈርን፤ ጥያቄው ለእርሳቸው ሳይኾን ለእኛ ነበርና።

እውነት ነው፤ ሌላ ምክንያት ያላቸውም ወላጆች አሉ። አንዱ፥ ልጁ ከክትባቱ በኋላ ሌሊቱን ሲተኩስ አድሮ ስለ ደነገጠ ይቀራል፤ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚያልፍ መኾኑን አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ሌላው ልጅ ያመክናል የሚል ወሬ ሰምቷል። ሌላው ደግሞ፥ «ልምሻ የያዘው ልጅ በመንደራችን የለም፤ ስለ ምን እንጨነቃለን?» ይላል። ይህ የመጨረሻው አስተያየት እጅግ የሚያሳስብ ነው። ክትባት ሥራውን በሚገባ በሠራ ቍጥር በሽታው ከዐይን ይሰወራል፤ በሽታው ሲሰወርም ክትባቱ ያለ ሥራ የመጣ ይመስላል። በ2005 ዓ.ም. የልምሻ ወረርሽኝ ከሶማሊያ ተሻግሮ በምሥራቁ አገራችን 10 ልጆችን እንደ ያዘ አንርሳ፤ የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው የልምሻ ተሐዋሲ ነጻ የተባለችው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ያልታየ በሽታ ኹሉ የሌለ በሽታ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መምህራን ኾይ፥ ፈንጣጣ በአገራችን የት እንደ ጠፋ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ፤ ልጁ በቤቱ ለእናቱ የሚያወራው ከማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። ተማሪዎችም የአያቶቻችሁን ክንድ ተመልከቱ፤ ጠባሳውን ባያችሁ ጊዜ ታሪኩን ጠይቁ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ከሁሉ የከበደ ዕዳ አለብን። ለመጣችው እናት ትኩሳቱን ሳንደብቅ መንገር፤ የክትባቱን ቀን ከገበያው ቀን ጋር ማስማማት፤ ቀጠሮ ሰጥቶ አለማጠፍ፤ ስለ አንድ ልጅም ቢኾን ጠርሙሱን መክፈት። የሚጣለው ዘጠኝ ጠብታ ዋጋው ይታወቃል፤ የምትመለሰው እናት ዋጋ ግን በኩፍኝ ወረርሽኝ ጊዜ ካልኾነ አይታወቅም።

ወላጅ ፈቃዱን የሚሰጠው አንድ ጊዜ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ እንደ ገና ይሰጣል። የፈንጣጣ ከታቢ በሐረና ጫካ አንዱን አባት ያሸነፈው ሦስት ጊዜ በመመለሱ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ የምትመላለሰው እናቲቱ ኾናለች። የቀድሞው ሰው ያደረገውን ያህል እኛም ወደ እርስዋ ልንሄድላት ይገባናል። ይህንንም ስናደርግ ልጆቻችን ከኩፍኝም ከልምሻም ድነው ያድጋሉ፤ ክትባት ማለት ጽሕፈት ነው ያልነውም ቃል፥ በሕፃኑ ክንድና በእኛ የሥራ መዝገብ ላይ በእኩል ይፈጸማል።